በጁባ ከተማ ቤትን በሐራጅ ስለ መግዛት የተሰጠ ማብራሪያ

ሐራጅ ማለት ባለዕዳው ብድሩን በጊዜው ሳይከፍል ሲቀር፥ በመያዣ የሰጠው ቤት በይፋ ለተጫራቾች ቀርቦ የሚሸጥበት ሥርዐት ነው። ዋጋው ከገበያው ዝቅ ብሎ የሚገኝበት ጊዜ ስላለ፥ ቤት ገዝቶ በማከራየት ለማትረፍ የሚያስብ ሰው ዐይኑን ይጥልበታል። ነገር ግን ማንም ሰው ከራሱ መብት አብልጦ ለሌላው ሊያስተላልፍ አይችልም። የባለዕዳው መብት ጉድለት ያለበት እንደ ሆነ፥ ጉድለቱም ከቤቱ ጋር አብሮ ለገዢው ይደርሳል።

በጁባ የሚነግዱ ኢትዮጵያውያን የሐራጅን ነገር የሚያውቁት በአገራቸው ልማድ ነው። በኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 97፥ በውል ስምምነት ተደርጎ እንደ ሆነ፥ ባንኮች ለባለዕዳው ከ30 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ እንዲሸጡ ፈቅዷል። በሐራጅ ማስታወቂያዎችም ተጫራቹ የመነሻውን ዋጋ ሩብ እንዲያስይዝ፥ አሸናፊው ቀሪውን በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፍል፥ ባይከፍል ግን ያስያዘው ገንዘብ እንዳይመለስለት መጻፉ የተለመደ ነው። ይህን የለመደ ሰው የጁባንም ነገር በዚሁ መለኪያ ቢገምት ይሳሳታል።

አንደኛው አደጋ በመሬቱ ላይ ነው። በ2001 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 2009) የወጣው የደቡብ ሱዳን የመሬት ሕግ መሬትን የሕዝብ፥ የማኅበረሰብና የግል ብሎ ከፍሎታል። የውጭ አገር ሰው መሬትን ለተወሰነ ዘመን በኪራይ ይይዛል እንጂ ባለቤት አይሆንም። እንግዲህ ለምሳሌ የ30 ዓመት ኪራይ ከነበረው ባለዕዳ 24ቱ ዓመት ያለፈ እንደ ሆነ፥ ገዢው የሚገዛው የ6 ዓመት መብት ብቻ ነው።

ሁለተኛው አደጋ በሰነዱ ላይ ነው። ከ1997 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት በኋላ ብዙ ሕዝብ ወደ ጁባ በጎረፈ ጊዜ፥ አንዱ ቦታ ለሁለትና ለሦስት ሰው የተሰጠበት፥ ሐሰተኛ ወረቀትም የተሠራበት ሁኔታ ታይቷል። በከተማዋ ዙሪያ ያለውም መሬት ከጥንት ጀምሮ የባሪ ማኅበረሰብ ይዞታ ስለ ሆነ፥ በልማድ የጸና መብት ከጽሑፉ ጋር ሊጋጭ ይችላል።

ሦስተኛው አደጋ በቤቱ ውስጥ በሚኖረው ሰው ላይ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. እና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በጁባ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙዎች ቤታቸውን ጥለው ሲሸሹ፥ በባዶው ቤት ሌሎች ገብተውበታል። ሐራጁን ያሸነፈ ሰው የቤቱን ቁልፍ ሳይረከብ ለክርክርና ለጠበቃ ገንዘብ ሲያወጣ ሊቈይ ይችላል።

አራተኛው አደጋ በገንዘቡ ዋጋ ላይ ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ፓውንድ ምንዛሪ ለገበያ በተለቀቀ ጊዜ፥ ከ3 ፓውንድ ጥቂት ዝቅ ይል የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ ባንድ ጊዜ ከ18 ፓውንድ በላይ ሆነ። የቤት ኪራይን በፓውንድ ተስማምቶ በዶላር የተበደረ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስለዚህ ተጫራቹ ገንዘቡን ከማስያዙ በፊት ቀጥሎ የተጻፈውን ይፈጽም። የቦታውን መዝገብ ከሚመለከተው የመሬት ጽሕፈት ቤት ራሱ ሄዶ ይመርምር፤ ሻጩ ባሳየው ግልባጭ ብቻ አይመን። የኪራዩ ዘመን ስንት እንደ ቀረው ይጠይቅ። ቦታውን በቀን ብርሃን ተመልክቶ ከጎረቤትና ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ዘንድ የይዞታውን ታሪክ ይስማ። ባለዕዳው ባለትዳር እንደ ሆነ የትዳር ጓደኛው በመያዣው ውል ላይ መስማማቱን፥ የግብርና የኪራይ ውዝፍም መኖር አለመኖሩን ያጣራ። ለጠበቃ የሚከፈለው ገንዘብ ቢበዛ፥ ከሚጠፋው ቤት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

መዝገብ የሚጠብቁ ሹማምንትም ኀላፊነታቸው ቀላል አይደለም። በመዝገቡ ላይ ያለውን ዕዳና ክርክር ሳይሸሽጉ ከሐራጁ በፊት ቢገልጹ፥ ገዢው ከኪሳራ ይድናል፤ ባለዕዳውም ቤቱ በተገቢው ዋጋ ስለሚሸጥለት ዕዳው ይቀልለታል። መዝገቡ የታመነ እንደ ሆነ ተጫራቹ ይበዛል፤ መዝገቡ የተጠረጠረ እንደ ሆነ ግን ወደ ሐራጅ የሚመጣው በሰው ችግር የሚያተርፍ ብቻ ይሆናል።