ሁለት ዛፍ ለአሥር ነፍስ

በመጋቢት 1521 (ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የአሳሹ የማጄላን መርከቦች ፓስፊክን አቋርጠው ሆሞንሆን ከተባለች ደሴት ደረሱ። መርከበኞቹ በረሃብና ድድ በሚያሳብጥ በሽታ ተዳክመው ነበር። ከአጎራባቿ ሱሉዋን ዘጠኝ ሰዎች በጀልባ መጡና ዓሣ፣ ሙዝ፣ ኮኮናትና የዘንባባ መጠጥ ሰጧቸው። የጉዞው ጸሐፊ ጣሊያናዊው ፒጋፌታ መጠጡን «ኡራካ» ብሎ መዘገበው፤ ምንጩ የዐረቦቹ «ዐረቅ» ነው፣ የእኛው አረቄም ከዚያው ወገን ነው። ፒጋፌታን አብዝቶ ያስደነቀው ግን ዛፉ ነበር። ምግቡን፣ ዘይቱን፣ ኮምጣጤውን፣ ገመዱን ሁሉ ቆጠረና ሁለት ዛፍ አሥር ነፍስ ያለበትን ቤት ይቀልባል ሲል ጻፈ።

ሁለቱ ደሴቶች ዛሬ በጊዋን ሥር ናቸው። ጊዋን በፊሊፒንስ የሳማር ደሴት ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ላይ የምትገኝ፣ ከ50 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ያላት የገጠር ከተማ ናት። ሰዉ የሚናገረው ዋራይ ነው፤ የሚኖረው በዓሣና በኮኮናት ነው። የፒጋፌታ ሒሳብ እውነት ቢሆን ኖሮ እዚህ አገር ድኻ ባልነበረ።

ጊዋን ያልመጣባት እንግዳ የለም። ስፔናውያን ካህናት ግድግዳውን በባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ያስጌጡትን ቤተ ክርስቲያን ትተውላት ሄዱ። በ1944 አሜሪካኖች የሌይቴን ባሕረ ሰላጤ ከጃፓን ለማስለቀቅ ሲመጡ የጦር መርከብ ሠፈርና የአውሮፕላን ማረፊያ ሠሩ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ጥለውት ሄዱ።

እኔን አብዝቶ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው እንግዳ ነው። በ1949 የቻይና ኮሚዩኒስቶች ወደ ሻንጋይ ሲቃረቡ፣ የሩስያን አብዮት ሸሽተው እዚያ የኖሩ ሩስያውያን ለሁለተኛ ጊዜ አገር አልባ ሆኑ። ብዙ መንግሥታት በራቸውን ሲዘጉ ገና ከጦርነት ፍርስራሽ ያልወጣችው የፕሬዚዳንት ኪሪኖ ፊሊፒንስ ተቀበለቻቸው። ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች በጊዋን አጠገብ በቱባባኦ ደሴት በድንኳን ሰፈሩ። ጳጳሳቸው ዮሐንስ፣ በኋላ በቤተ ክርስቲያናቸው ቅድስናቸው የታወጀላቸው፣ ሌሊት ሌሊት ሰፈሩን እየዞሩ በአራቱ ማዕዘን ይባርኩ ነበር ይባላል። የአካባቢው ሰው «እኒያ ቅዱስ ሰው እያሉ ማዕበል አይነካችሁም» ይላቸው እንደነበር ስደተኞቹ አውርተዋል። አብዛኞቹ ወደ አውስትራሊያና ወደ አሜሪካ ካለፉ በኋላ አውሎ ነፋስ መጥቶ ሰፈሩን ጠራረገው። ማመን አለማመን የአንባቢ ነው።

ወደ ዛፉ እንመለስ። የኮኮናት ገበሬ በየአንድ ወር ተኩሉ ገደማ ፍሬ ያወርዳል። ልጡን በቆመ ሹል ብረት ይልጣል፣ ፍሬውን ለሁለት ይፈልጣል፣ ነጩን ሥጋ በፀሐይ ወይም በጢስ ያደርቃል። ይህ ኮፕራ ነው፤ ዘይት የሚጨመቀው ከእሱ ነው። ለአንድ ኪሎ አራት አምስት ፍሬ ይፈጃል። ዋጋው የሚወሰነው በዓለም ገበያ ስለሆነ ገበሬው ነጋዴው የነገረውን ይቀበላል። ብዙዎቹ ደግሞ ዛፉም የራሳቸው አይደለም፤ እንደ ድሮው ጭሰኛችን ከባለመሬቱ ጋር ይካፈላሉ። ከኮፕራው ጎን ለጎን ዛፉ ላይ ወጥቶ የአበባውን ጭማቂ የሚቀዳ ሰው አለ፤ ጭማቂው በዛፍ ቅርፊት ዱቄት ቀልቶ «ቱባ» የተባለው መጠጥ ይሆናል። ይህኛው እዚያው አገር ውስጥ ተሸጦ ስለሚጠጣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል።

የኮፕራው ገንዘብ ግን ሄደ። በ1971 ገበሬው ኮፕራ ሲሸጥ መዋጮ እንዲቆረጥበት ሕግ ወጣ። በ1973 ፕሬዚዳንት ማርኮስ በአዋጅ ለየ100 ኪሎው 15 ፔሶ አደረጉት፤ ኋላም ጨመረ። እስከ 1982 ድረስ 9.7 ቢሊዮን ፔሶ ያህል ተሰበሰበ። «ለኮኮናት ልማት» የተባለው ገንዘብ ባንክ ተገዛበት፣ የዘይት ፋብሪካዎች ተገዙበት፣ በአገሪቱ ታላቅ የቢራና የምግብ ኩባንያ በሳን ሚጌል ውስጥም አክሲዮን ተገዛበት። ሥራውን ከፊት ሆነው ይመሩ የነበሩት የማርኮስ የቅርብ ሰው ኤድዋርዶ ኮሁዋንግኮ ነበሩ።

ማርኮስ በ1986 ሲወድቁ አክሲዮኑ ታገደ፤ ክርክሩም ተጀመረ። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንዱ ትልቅ ድርሻ ለኮኮናት ገበሬዎች ጥቅም የሚውል የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ ፈረደ። ዋጋው ከ50 ቢሊዮን ፔሶ በላይ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት፣ ኅዳር 8 ቀን 2013 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ40 ላይ፣ በዚያ አገር ዮላንዳ የተባለው አውሎ ነፋስ ሐይያን ምድር የረገጠው ጊዋን ላይ ነው። ፍጥነቱ በሰዓት 315 ኪሎ ሜትር ተገምቷል። በአገሪቱ ከ6 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። የጊዋን ቤተ ክርስቲያን ፈረሰ፤ እርዳታ የገባው አሜሪካኖች በ1944 በጀመሩት ማረፊያ በኩል ነበር። ጊዋን ባለችበት በምሥራቅ ቪሳያስ ክልል 33 ሚሊዮን ያህል የኮኮናት ዛፎች ወደቁ ወይም ተጎዱ። አንድ ዛፍ ፍሬ እስኪሰጥ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ይወስዳል። ቤት በዓመት ይሠራል፤ ዛፍ ግን በገንዘብ ብዛት ቶሎ አያድግም፤ እስኪያድግ የሚያሻግር እህል ግን ገንዘብ ይገዛዋል። ያ ገንዘብ ደግሞ የገበሬዎቹ የራሳቸው ነበር፤ ዋና ከተማው ማኒላ ታሽጎ ተቀምጦ ነበር።

በ2014፣ 71 ገበሬዎች ገንዘቡን ለመጠየቅ በደቡብ ካለችው ዳቫኦ ተነሥተው በእግራቸው ተጉዘው ማኒላ ገቡ። ፕሬዚዳንት አኪኖ አነጋገሯቸው። ገንዘቡ ለገበሬዎች ጥቅም እንዲውል ትእዛዝ ወጣ፣ ፍርድ ቤት አገደው። ምክር ቤቱ ሕግ አጸደቀ፣ በ2019 ፕሬዚዳንት ዱቴርቴ ሻሩት። ለዚህ አንድም ሰበብ አይገኝለትም ባልልም፣ ሰበቡ ሁሉ የመጣው ከባለገንዘቡ ሳይሆን ከገንዘብ ጠባቂው ወገን ነው። ጊዋን በዚህ መሀል አልተቀመጠችም፤ የወደቀውን ግንድ ጣውላ አደረገች፣ ዓሣ አጠመደች፣ በካሊኮዋን ዳርቻ ሞገድ የሚጋልቡ እንግዶችን አስተናገደች። በሆሞንሆን ኒኬልና ክሮማይት የሚቆፍሩትም ቀጠሉ፤ ደሴቲቱ ከዛፏ ይልቅ አፈሯ እየተጫነ ይሄዳል።

የካቲት 2021 ላይ ዱቴርቴ ገንዘቡን በአደራ የሚያስቀምጥ ሕግ ፈረሙ። የአደራ ገንዘቡ ለ50 ዓመት ይቆያል። ለችግኝ፣ ለሥልጠና፣ ለትምህርትና ለሕክምና ይውላል እንጂ ለገበሬው በእጁ አይሰጥም።

በ1973 ኮፕራውን ሲሸጥ 15 ፔሶ የተቆረጠበት የ20 ዓመት ወጣት፣ ያ ፊርማ ሲፈረም 68 ዓመቱ ነበር።