መጀመሪያ ገልብጠው ይዩት

አሮጌ የጀርመን እሳት አደጋ ሠራተኛ የራስ ቁር እጅዎ ሲገባ ዐይንዎ የሚሮጠው ወደሚያብረቀርቀው ናስ ነው። እሱን ለጊዜው ይተዉትና ቁሩን ገልብጠው ውስጡን ይዩ። ላብ የጠጣው ገበር፣ በእጅ የተጻፈ ስም፣ ደጋግሞ የተጠገነ ስፌት፤ ለእኔ የቁሩ ዋጋ ያለው እዚያ ነው።

ለባሾቹ አብዛኞቹ የመንደርና የከተማ ነዋሪዎች፣ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በ1846 (እ.ኤ.አ.) በዱርላኽ ከተማ የከተማው መሐንዲስ ክርስቲያን ሄንግስት ካርል ሜትስ በሠራው የእጅ ፓምፕ ዙሪያ ነዋሪዎችን አደራጀ። በዓመቱ የካርልስሩኸ ቴአትር ቤት ተቃጥሎ ከ60 በላይ ሰው ሲያልቅ የዱርላኽ በጎ ፈቃደኞች ደረሱ፤ ስማቸውም በጀርመን ምድር ተሰማ። በየከተማው ተመሳሳይ ቡድን ተቋቋመ፤ ቁርም አስፈለገ።

የዚያ ዘመን ቁር ጥቁር ደረቅ ቆዳ ነው። ከግንባር እስከ ማጅራት የሚዘልቀው የናስ ሸንተረር ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከጣሪያ የሚወርደውን ጡብና እንጨት ወደ ጎን ያንሸራትታል። ከኋላ የሚንጠለጠለው ቆዳ ደግሞ ፍምና ውኃ ወደ አንገት እንዳይገባ ይከላከላል።

ከቆዳው ቁር በኋላ የመጣው የ1934ቱ ሞዴል ግን ስስ ብረት ነው፤ በግራና በቀኝ ሰባት ሰባት መተንፈሻ ቀዳዳ አለው። የአሉሚኒየም ሸንተረር ነበረው፤ ከብዙዎቹ ላይ ግን በኋላ ተነሥቷል። በኅዳር 1938 የወጣው ሕግ እሳት አደጋን ከፖሊስ ሥር ስላዋለው የናዚ አርማ ተለጠፈበት። ጦርነቱ ሲያበቃ አርማው ተፋቀ ወይም ቀለም ተቀባበት፤ ቁሩም ዳግም ወደ ሥራ ተመለሰ። አዲስ አርማ አስመስለው ለጥፈው በውድ የሚሸጡ አሉና ይጠንቀቁ። በጀርመን ያንን ምልክት በአደባባይ ማሳየት፣ ለትምህርትና ለመሳሰለው ዓላማ ካልሆነ በቀር፣ በወንጀል ያስጠይቃል። የተፋቀውን ቦታ እንዳለ ይተዉት እላለሁ፤ ፍቀቱ ራሱ ሰነድ ነው።

ወደ ቆዳው ቁር ስንመለስ፣ ናሱ ቆዳውን በሚነካበት ጠርዝ ላይ እንደ ሰም የሚለጠፍ አረንጓዴ ነገር ያገኙ ይሆናል። የቆዳው ቅባት ከናሱ መዳብ ጋር ተዋሕዶ የፈጠረው ነው። በሹል እንጨት ቀስ ብለው ያንሡት፤ በቢላ አይሞክሩ። ቆዳውን ዘይት አይቀቡ፤ ናሱንም በማወልወያ አይፈትጉ፤ የመቶ ዓመት ወዝ በአምስት ደቂቃ ይጠፋል። ሲያነሡት ከሥር በሁለት እጅ እንጂ በሸንተረሩ ወይም በማሰሪያው አይያዙ። ከማሞቂያና ከፀሐይ ያርቁት።

ፍራንክፈርት አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ከመግዛትዎ በፊት ፉልዳ ይሂዱ፤ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከ1963 ጀምሮ ክፍት የሆነው የጀርመን እሳት አደጋ ሙዚየም እዚያ ይገኛል። እውነተኛውን አንዴ በቅርብ ያየ ዐይን በቀላሉ አይታለልም። ሲገዙ ደግሞ ቁሩ የተገኘበትን መንደርና ቀኑን በወረቀት ጽፈው ከገበሩ ሥር ያኑሩ።