ወደብ ሲገነባ የባሕር እንስሳት እንዴት ይጠበቃሉ?

ለወደብ የሚመረጠው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከማዕበል የተከለለ የባሕር ዳርቻ ነው። ዓሣ የሚራባውም፣ የባሕር ኤሊ የሚመገበውም፣ ኮራል የሚያድገውም እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ስለዚህ ግጭቱ የሚጀምረው ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ሳይሆን ቦታው ሲመረጥ ነው። ግንባታው ከተጀመረ በኋላ ጉዳቱ በዋናነት በድምፅ፣ በቁፋሮና በብርሃን በኩል ይመጣል።

ድምፅ በውሃ ውስጥ ከአየር ይልቅ በአራት እጥፍ ገደማ ይፈጥናል። ዶልፊን ምግቡንም መንገዱንም የሚያገኘው በድምፅ በመሆኑ፣ ግዙፍ የብረት ምሰሶ በመዶሻ እየተመታ ወደ ባሕሩ ወለል ሲገባ አካባቢውን ጥሎ ይሸሻል፤ በጣም ቀርቦ ከተገኘም የመስማት አቅሙ ይጎዳል። በብሪታንያ አሠራር ምሰሶ መትከል ከመጀመሩ በፊት ተመልካቾች ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ባሕሩን ይቃኛሉ። በ500 ሜትር ክልል ውስጥ ዶልፊን ወይም ዓሣ ነባሪ ከታየ ሥራው ይዘገያል። ሲጀመርም እንስሳቱ እንዲርቁ የምቱ ኃይል ቀስ በቀስ ይጨመራል። ከዚህ የተሻለው ዘዴ የአረፋ መጋረጃ ነው። የተበሳሳ ቱቦ ምሰሶውን ከብቦ በባሕሩ ወለል ላይ ይዘረጋና አየር በግፊት ይለቀቅበታል። ወደ ላይ የሚወጣው አረፋ ድምፁን ይበትነዋል፣ ያዳክመዋልም። ጅረቱ ኃይለኛ በሆነበት ቦታ ግን አረፋው ተወስዶ መጋረጃው ይሳሳል።

ቁፋሮው በሁለት መንገድ ይጎዳል። የሚነሣው ደለል ብርሃን ጋርዶ ኮራልና የባሕር ሣር ያዳክማል፤ የባሕሩን ወለል እየመጠጠ የሚጠርገው መርከብ ደግሞ ወለሉ ላይ ያረፈች ኤሊ ሊውጥ ይችላል። ለዚህ ሲባል ከመምጠጫው አፍ ፊት እንደ ማረሻ የሾለ ብረት ይገጠማል፤ ኤሊዋን ወደ ጎን ገፍቶ ያሳልፋታል። የሚሠራው ግን አፉ ከወለሉ ሳይላቀቅ ሲሄድ ብቻ ነው። አፉ ከፍ ሲል ፓምፑን የሚያጠፋ ንቁ ሠራተኛ ከሌለ ብረቱ ብቻውን ኤሊ አያድንም። በሕንድ ኦዲሻ ግዛት የዳምራ ወደብ ሲገነባ ይህ ዘዴ ተሠርቶበታል። በአቅራቢያው የሚገኘው የጋሂርማታ ዳርቻ ኤሊዎች በብዛት እንቁላል የሚጥሉበት በመሆኑ የወደቡ መብራትም ጉዳይ ሆኖ ነበር፤ የሚፈለፈሉ ጫጩቶች ወደ ባሕር የሚሄዱት ብርሃን ተከትለው ነውና።

ኮራልን ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከልም የተለመደ ሆኗል። በጃማይካ የፋልማውዝ ወደብ ሲሠራ ከ140,000 በላይ ኮራሎች ተዛውረዋል። ሥራው የሚደነቅ ቢሆንም የመጨረሻ አማራጭ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ኮራሉ ቢዛወርም ያስጠለላቸው ዓሦች አብረውት አይዛወሩም። ሮተርዳም ወደቧን ወደ ባሕር ስታሰፋ (እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013) በምትኩ 25,000 ሄክታር ያህል የባሕር ወለል እንዲጠበቅ ተደርጓል። የኬንያው የላሙ ወደብ ታሪክ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የማሊንዲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ በወደቡ ግንባታ የማጥመጃ ቦታቸው ለተጎዳባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን ሽልንግ እንዲከፈል ወሰነ። የአካባቢው ሕዝብ ቀድሞ ቢመከር ኖሮ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ባልደረሰ ነበር።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርበው የጅቡቲው የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሦች፣ አብዛኞቹ ገና ያላደጉ፣ በውሃው ገጽ ላይ ያለውን ጥቃቅን ምግብ ፍለጋ ወደዚያ ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በዚሁ አካባቢ የታጁራና የጉቤት ወደቦች ተመርቀዋል፤ የታጁራው ሲታቀድም የኢትዮጵያ ፖታሽ ታሳቢ ተደርጎ ነበር። በጅቡቲ ወደቦች ከሚያልፈው ጭነት አብዛኛው የእኛ ነውና በአሠራሩ ላይ አስተያየት መስጠት ይገባናል። ከሁሉ ርካሹ ጥበቃ የሥራ ቀን መቁጠሪያ ነው፤ በእነዚያ ወራት ምሰሶ እንዳይመታና ቁፋሮ እንዳይካሄድ ከጨረታው ሰነድ ጀምሮ ውል ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ተቋራጩ መርከቡን ካመጣ በኋላ ግን እያንዳንዱ የእረፍት ቀን በገንዘብ ይታሰባል፤ ያኔ ለዓሣ ብሎ ሥራ የሚያቆም አይገኝም።