ከመቶ ዘጠና አምስቱስ?

ከደጀን ተነስቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ ደብረ ወርቅ ላይ ያልፋል። በዚህች የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ልጁን ለምረቃ ያበቃ ቤተሰብ ሳሎን የገባ እንግዳ ዓይኑ ቶሎ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። ከእመቤታችን ሥዕል ጎን ጥቁር ገዋን የለበሰ፣ ቆቡን ደፍቶ የተጠቀለለ ወረቀት የጨበጠ ልጅ ፎቶግራፍ በመስተዋት ተሰቅሏል። ያ ፎቶ በርካሽ አልተገኘም። የተሸጠ ወይፈን፣ ከጎተራ የወጣ ጤፍ፣ ለአራትና ለአምስት ዓመት ከቤት ጉሮሮ ተቀንሶ የተላከ የኪስ ገንዘብ፣ በምረቃው ማግስት የታረደ በግ አለበት። እንግዳው ፎቶውን አድንቆ ሲያበቃ ግን አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም፦ «ሥራስ ያዘ?»

በየቡና ቤቱ «ሰው ለመሆን ዲግሪ የግድ ነው ወይ?» የሚለው ክርክር የሚጦፈው ከዚህ ጥያቄ ወዲህ ነው። አንዱ ወገን ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ዛሬ አይሱዙ የሚያሽከረክረውን፣ ፎቅ የገነባውን ሰው በስም እየጠራ ይቆጥራል። ሌላው «ያልተማረ አይግደለኝ» ብሎ ይነሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ችግሩ ሁለቱም የሚከራከሩት ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ስለደረሰው ልጅ መሆኑ ነው። አብዛኛው ልጅ እዚያ ደጃፍ አይደርስም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ መሆናቸው ነው። በዓመቱ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ አለፉ። ከወደቁት መካከል የተሻለ ነጥብ ያላቸው በማካካሻ ትምህርት፣ በተማሪው አነጋገር በ«ሬሜዲያል»፣ ሁለተኛ ዕድል አግኝተዋል። ቢሆንም ከመቶ ዘጠና አምስት ያህሉ በቀጥታ መግባት ያልቻሉ ናቸው። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተነሳው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ስለዘጋ ፈተናው ላይ እንኳ ያልደረሰው ልጅ ብዙ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ወጣቶች «ዲግሪ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» የሚለው ክርክር የቅንጦት ነው። እነሱ ያለ ዲግሪ መኖር ጀምረዋል።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ደብረ ወርቅ ጥሩ ቦታ ናት። በጥንታዊቷ የደብረ ወርቅ ማርያም ዙሪያና ከብቸና ወዲያ በዲማ ጊዮርጊስ፣ እንዲሁም በጎንጅና በዋሸራ ጎጃም ለዘመናት ሊቅ ሲያፈራ የኖረው ያለ አንድ ማኅተም ነው። የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ ይማራል። ቅኔውን ለብቻው ጥግ ይዞ፣ አንዳንዴም ሜዳ ወርዶ ይቆጥራል። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። ሰሙ ከወርቁ ካልተዋደደ፣ ቤቱ ካልመታ መምህሩ እዚያው ያርሙታል ወይም ይመልሱታል፤ ነገም ሌላ ይዞ ይቀርባል። እዚያ ቤት ኩረጃ የሚባል ነገር ብዙ አያራምድም፤ ተማሪው አፉን ሲከፍት ያለው ሁሉ ይሰማል። ድጓ የዘለቀ ደግሞ ወደ ድጓው ማስመስከሪያ ደብር፣ ወደ ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። ስለዚህ ማስረጃ ለጎጃም አዲስ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ያኔ ማስረጃው ሲሠራ ያዩት፣ ሲናገር የሰሙት ሰው ምስክርነት መሆኑ ነው።

ከዚህ ሥርዓት ከወጡት አንዱን አገር ሁሉ ያውቃቸዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው ነው ወደ አዲስ አበባ ሄደው በስዊድን ሚሲዮንና በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የቀጠሉት። ጎጃም ተመልሰው አስተማሩ፣ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩ፣ በጣሊያን ደሴቶች ለዓመታት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማት ሆኑ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የትምህርት ሚኒስትር፣ ከዚያም በለንደን አምባሳደር ነበሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 33 ተማሪዎችን ይዞ ሲከፈት እሳቸው የአርባ ዓመት ገደማ ሰው ሆነው የመንግሥት ሥራ ላይ ነበሩ። ከስማቸው ፊት የምናነበው «ዶክተር» አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስተርጅና የሰጣቸው የክብር ነው።

እንግዲህ «ሐዲስ ዓለማየሁ ያለ ዲግሪ ሚኒስትር ሆነዋልና ልጄም ይሆናል» የሚል ካለ ዘመኑን ረስቷል። ያኔ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ በዚያ ላይ የውጭ ቋንቋ የጨመረ ሰው እንደ ብርቅ ይፈለግ ነበር። አገሩ ከጠላት እጅ ወጥቶ መሥሪያ ቤት ሲያቋቁም የተገኘውን ሁሉ ወሰደ። ቀጥሎ ተራው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨራሹ ሆነ፤ ባንክም አየር መንገድም በሩን ከፈተለት። ከዚያ ዲፕሎማ፣ ከዚያ ዲግሪ መጣ። ወረቀቱ ሁልጊዜ ዋጋ የነበረው ጥቂት ሰው ስለያዘውና ቀጣሪው መንግሥት ስለሆነ ነው።

ይህ ሁኔታ በአንድ ትውልድ ውስጥ ተገለበጠ። እስከ 1990ዎቹ ድረስ በጣት ይቆጠሩ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ በላይ ሆነዋል። ለደብረ ወርቅ ልጅ ቅርብ የሆነው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወሰነ። ልጁ ምርጫውን ሞልቶ ሲያበቃ ያልጠበቀው ዲፓርትመንት ይደርሰዋል፤ ያም ሆኖ ይመረቃል። መንግሥት ግን በዚያው ፍጥነት ሥራ አልፈጠረም፤ የግሉ ዘርፍም እንደዚያው። የኮብልስቶን ሥራ በየከተማው ሲስፋፋ ባለ ዲግሪዎች ድንጋይ ጠረባ ሲገቡ ያየ ሕዝብ ለዓመታት ሲቀልድም ሲያዝንም ከረመ። ድንጋይ መጥረብ ነውር ስለሆነ ሳይሆን፣ ለመጥረብ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ ስለማያስፈልግ ነበር።

ወረቀቱ ራሱም ተጠረጠረ። በ2015 ዓ.ም. ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከመመረቁ በፊት የመውጫ ፈተና እንዲወስድ ሲደረግ በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፈው 40 በመቶ ያህሉ ነው። ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ግድም አለፉ። ከግል ኮሌጆች ያለፉት ግን 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለግል ኮሌጅ ክፍያ መሬቷን አከራይታ ለከረመች እናት ይህ ቁጥር ከማንኛውም ክርክር ይከብዳል። መውጫ ፈተናውን የሚተቹ ብዙ ናቸው፤ ሆኖም አንድ በጎ ነገር አድርጓል። «የትኛው ኮሌጅ?» የሚለውን ጥያቄ ወላጁ በቁጥር እንዲጠይቅ አስችሎታል።

ታዲያ ዲግሪ ከንቱ ነው? አይደለም። ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ ጠበቃ፣ መሐንዲስ ለመሆን ሌላ በር የለም፤ ሊኖርም አይገባም። በመንግሥት ቤትም የደረጃ ዕድገት የሚለካው በወረቀት ነው። ለዚህም ነው ሃያ ዓመት ያስተማረ መምህር ክረምት ክረምት ደብተር ይዞ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር የሚመላለሰው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የባለ ዲግሪ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ሲያድግ፣ ዝቅተኛው የደሞዝ መነሻ 6,000 ብር ሆኗል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። የዓለም ባንክ ጥናት አቅራቢዎችም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ስሌት ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች አንድ የከፍተኛ ትምህርት ዓመት የደሞዝተኛውን ገቢ በአማካይ 21 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚያደርግ አስልተዋል። ይህ በዓለም ካሉ ክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። እዚህ ላይ ግን «የደሞዝተኛውን» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። የተሰላው ሥራ የያዘው ሰው ገቢ ነው፤ ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እሱ ቤት የተቀመጠው ልጅ እዚያ ሒሳብ ውስጥ የለም።

ለሴት ልጅ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ የቡና ቤት ክርክሩ የሚዘለውም ይህንን ነው። የአማራ ክልል ሴት ልጅ ገና በለጋ ዕድሜዋ ከምትዳርባቸው የአገሪቱ ክፍሎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ከገጠር ቀበሌ ወጥታ ግቢ የገባች ልጅ ሥራ ብታገኝም ባታገኝም አራት ዓመት አትርፋለች። በራሷ ስም ማመልከቻ መጻፍ፣ ከባዕድ ከተማ ብቻዋን አውቶቡስ ተሳፍራ መመለስ፣ «አሁን አላገባም» ብላ መከራከር ለምዳለች። ውጤት ያልመጣላት ጓደኛዋ ፊት ያሉት መንገዶች ብዙ ጊዜ ሁለት ናቸው፤ ትዳር ወይም ዓረብ አገር። ለወንዱ «ዲግሪ ምን ያደርግልሃል» ብሎ የሚቀልድ አጎት፣ ለእህቱ ልጅ ይህን ከመናገሩ በፊት ደግሞ ቢያስብበት ይበጃል።

ያለ ዲግሪ የከበሩትን ሲቆጥሩ አብዛኛው ሰው ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ያነሳል። በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣው፣ በሆቴልና በሌሎች ሥራዎች ብዙ ሠራተኛ የሚያስተዳድረው ኃይሌ ዩኒቨርሲቲዎች የክብር ዶክትሬት የሰጡት ሰው ነው እንጂ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ አይደለም። እንደሱ ለመሆን የሚሮጠው ግን ስንት ነው፣ የሚደርሰውስ? ይበልጥ ጠቃሚው ምሳሌ ቤተልሔም ጥላሁን ናት። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ያደገችው ቤተልሔም ዩኒቲ ኮሌጅ ሒሳብ አያያዝ ተምራለች። የሰፈሯ ሸማኔዎችና የእጅ ባለሙያዎች ደግሞ ድርና ማጉን ያውቃሉ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ሶል ከአገር ጨርቅ ጋር ተሰፍቶ «ሶልሬብልስ» የሚባለው ጫማ ዓለም ገበያ የደረሰው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። የእጅ ባለሙያዎቹ ብቻቸውን ለዘመናት ሸምነው ዘነበወርቅን አላለፉም ነበር፤ እሷም በሒሳብ መዝገብ ብቻ ጫማ አትሠራም።

የኢትዮጵያ ችግር የእጅ ሙያተኛውን በክብርም በገንዘብም ታች ማስቀመጧ ነው። ቀጥቃጩን «ቡዳ»፣ ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» እያለች የሰደበች አገር ልጇን ቴክኒክና ሙያ ስትልክ አሁንም «ውጤት አልመጣለትም» ብላ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ የግዴታ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ከሦስት ሁለቱ የሚገባው ወደ ሙያ ሥልጠና ነው፤ ሳምንቱን ከፍሎ ፋብሪካም ክፍልም ይውላል፣ ደሞዝም ይከፈለዋል። የእኛም ሥርዓት በወረቀት ላይ መጥፎ አይደለም። ሠልጣኙ በደረጃ ይሠለጥናል፣ በመጨረሻ ለሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ «ሲኦሲ» ለሚባለው፣ ይቀመጣል። የብየዳ ተመዛኝ ሁለት ብረት ተሰጥቶት መዛኙ ፊት ይበይዳል፤ መዛኙ ጭቃውን አስነቅሎ ስፌቱን አገላብጦ ያያል፣ ቀዳዳ ካለው ይጥለዋል። የቅኔ መምህሩም ቢሆኑ በዚህ አይነት ምዘና ቅር የሚላቸው አይመስልም።

የሚቸግረው ምዘናው ድረስ ያለው ነው። ለታሪክ ወይም ለአስተዳደር ትምህርት አዳራሽ፣ ጠመኔና አንድ መምህር ከተገኘ መቶ ሃምሳ ተማሪ ይማራል። ለብየዳ ግን ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ የሚቃጠል ኤሌክትሮድ፣ የሚቆራረጥ ብረት፣ የማይጠፋ መብራት፣ የሚጠገን ማሽን ያስፈልጋል። ለአውቶ መካኒክ የሚፈታና የሚገጠም ሞተር፣ ያውም ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ሞተር እንጂ የሠላሳ ዓመት ላንድሮቨር አይደለም። አዳራሽ መገንባት ርካሽ ስለነበር ዩኒቨርሲቲው ቀድሞ በዛ። አሁን አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያ ትምህርቶችን ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል አምጥቷል፤ የቴክኒክና ሙያ ደረጃዎችም ከአምስት ወደ ስምንት ከፍ እንዲሉ ተወስኗል። በዚህ ክረምት ልጁን የሚያስመዘግብ የደብረ ወርቅ ወላጅ እንግዲህ የኮሌጁን ማስታወቂያ ትቶ ወርክሾፑን አስከፍቶ ቢያይ መብቱ ነው፤ ማሽኑ አቧራ ለብሶ እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ፣ ካለፈው ዓመት ሠልጣኞች ስንቱ ሲኦሲ እንዳለፈ ቢጠይቅ።