ስታስቀብሪ ስለ ማውጣቱም ጠይቂ

ከአሰላ ተነስታችሁ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ ስትወጡ ግራና ቀኙ የገብስና የስንዴ ማሳ ነው። በነዚህ ቀበሌዎች ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ብዙው ነገር የሚነገረው አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ቡና ላይ ነው። ተናጋሪዋም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለየቀበሌው 2 ሴቶች እንዲመደቡ ተወሰነ፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ። ጤና ኬላ ውስጥ ቁጭ ብለው በሽተኛ እንዲጠብቁ ሳይሆን ቤት ለቤት እንዲዞሩ ነው የተፈለገው።

አርሲ ደግሞ የእናትን ዕረፍት ድሮም ያከብራል። የወለደች ሴት ግንባሯ ላይ ቃናፋ የሚባለውን የአራስ ምልክት አስራ በምትቆይባቸው ወራት ባሏ እጁን ቢያነሳባት፣ የአካባቢው ሴቶች ሲንቄያቸውን፣ ማለትም እናት ለሙሽራ ልጇ የምትሰጠውን በትር፣ ይዘው ይወጡበታል። አራርቆ መውለድን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

ሬዲዮም አግዟል፤ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ «የቀን ቅኝት» በአማርኛ፣ «ድምቢባ» በአፋን ኦሮሞ ጉዳዩን በድራማ አቅርበውታል። በ1992 ዓ.ም. በአገሪቱ ካገቡ 100 ሴቶች ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙት 6 ያህል ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. 41 ደረሱ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን የተባለውን የእርግዝና መከላከያ እንዲቀብሩ መሠልጠን ጀመሩ። ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ የክብሪት እንጨት ያህል የሆነ ለስላሳ ዘንግ ነው። ክንድ በመርፌ ይደነዝዝና በውስጠኛው በኩል ከቆዳ ሥር ይገባል። ቀስ በቀስ የሚለቀው ሆርሞን እንቁላል እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ለ3 ዓመት ያገለግላል። የወር አበባን ሊያዛባ ይችላል፣ ይህም አስቀድሞ መነገር አለበት። ከኤችአይቪ አይከላከልም፤ ለዚያ ኮንዶም ያስፈልጋል።

«ወደ ልብ ይሄዳል» የሚባለውን ሳትሰሙ አትቀሩም። ጎበዝ ባለሙያ ክርክር ውስጥ አትገባም። የሴትየዋን ጣት ይዛ ዘንጉ ላይ ታሳርፈውና «ዳሽው፣ ይኸው እዚህ ነው» ትላታለች። በማንኛውም ቀን ራሷ ዳሳ ማረጋገጥ ትችላለች።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሠራተኞቹ መጀመሪያ የሠለጠኑት መቅበር ብቻ ነበር፤ ማውጣት የጤና ጣቢያ ሥራ ሆነ። ደጇ ላይ የተቀበረላት ሴት ለማስወጣት በክረምት ጭቃ ረጅም መንገድ ልትሄድ ነው። ይህን ሳይነግሩ መቅበር እምነት ያሳጣል፤ አንዲት የተቸገረች ሴት የምታወራው የወር ትምህርት ያፈርሳል። ስለዚህ ገና ስታስቀብሪ የት እንደሚወጣ ጠይቂ፣ ቀኑ የተጻፈበትን ካርድም አስቀምጪ። 3 ዓመቱ ባይሞላም ባሰኘሽ ጊዜ ማስወጣት መብትሽ ነው። ያስወጣች ሴት ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ልታረግዝ ትችላለች፤ «መካን ያደርጋል» ለሚሉት ይህን ንገሯቸው።