ፕሮፌሰሩና የወረዳው መዝገብ

የመንግሥትን በጀት ሲያጠኑ የሚያረጁ ምሁራን ስማቸው ከሙያ ባልደረቦቻቸው አልፎ እምብዛም አይሰማም። ስቲቨን ፒተርሰን አንዱ ናቸው፤ የሥራቸው ዱካ ግን በአገራችን የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል። የሃርቫርድ መምህር ሳሉ፣ ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000 ዓ.ም. ገደማ፣ የኢትዮጵያን የበጀትና የሂሳብ ማሻሻያ የሚያግዝ ፕሮጀክት መርተዋል። አማካሪ ለሁለት ሳምንት መጥቶ ሪፖርት ጽፎ በሚሄድበት ሙያ ይህን ያህል መቆየት ራሱ ብርቅ ነው።

የጠበቃቸው ሥርዓት የነጠላ ምዝገባ ነበር። ጥሬ ገንዘብ መውጣት መግባቱን ይጽፋል፤ ማን ምን እንዳለበት፣ የትኛው ቅድመ ክፍያ ሳይወራረድ እንደቀረ ግን በቀላሉ አይነግርም። ሂሳብ መዝጋቱም ዓመታት ይንከባለል ነበር። ለውጡ የመጣው በሁለትዮሽ ምዝገባ፣ በአዲስ የሂሳብ መደቦችና በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ሠራተኞች ሥልጠና ነው፤ የኮምፒዩተር ሥርዓቱ (በኋላ ‘አይቤክስ’ የተባለው) የተከተለው ሥራውን እንጂ የቀደመው አልነበረም።

በ1994 ዓ.ም. አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ደቡብና ትግራይ ክልሎች በጀትን በጥቅል ለወረዳ መስጠት ጀመሩ። ወረዳው ድንገት በጀት አውጪ ሆነ። ለየጽሕፈት ቤቱ የሚበቃ ሂሳብ ሠራተኛ ከየት ይምጣ? መልሱ ‘ፑል’ ነበር፤ የመምህሩ ደመወዝ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የግብርና ባለሙያው የውሎ አበል ሁሉ በአንድ የጋራ የሂሳብ ክፍል ይስተናገዳል። ተራ መላ ይመስላል፤ እኔ ግን ከማሻሻያው ሁሉ ብልህ የምለው ይህንን ነው።

ፒተርሰን ከዚህ ልምድ የጻፉት ክርክር ይህ ነበር፦ ድሃ አገር የዘመናዊነትን ጫፍ ካልያዝኩ አትበል፤ የምትቆምበት አምባ ይብቃህ፣ ያለህን ሥርዓት አውቀህ አሻሽለህ አቆየው።

እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ሲቀር። ቪ. ኦ. ኪ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1940 እ.ኤ.አ. ገንዘቡ ለዚህ ሳይሆን ለዚያ የሚሰጠው በምን መነሻ ነው ሲል የሙያውን ትልቅ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ጥሩ መዝገብ ይህን አይመልስም። የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ ሰኔ ላይ ያልተጠቀሙበት በጀት ተመላሽ እንዳይሆን ወንበርና ወረቀት ይገዛል፣ የንብረት ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሂሳቡ ሳንቲም ሳይጎድል ይመዛዘናል። ወንበሩ ለምን ተገዛ ብሎ መጠየቅ የወረዳው ምክር ቤት ሥራ ነው፤ ምክር ቤቱ ግን በጀት ሲያጸድቅ የሚከራከርበት፣ አብዛኛው ገንዘብ ለደመወዝ ከሄደ በኋላ ለሥራ ማስኬጃ በተረፈችው ጥቂት ብር ላይ ነው።