ደጋው ገብስ እያለው ብቅል ለምን ከውጭ ይመጣ ነበር?

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከወገራ ጀምሮ ዳባትን አልፎ እስከ ስሜን ተራሮች ግርጌ ድረስ በገብስ አገር ውስጥ ይጓዛል። ዳሸን ቢራ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ጎንደር ላይ ይጠምቃል፤ ከተማዋ ብቅል ፋብሪካም አላት። ሆኖም ኢትዮጵያ ለዓመታት ብዙ ብቅል በውጭ ምንዛሪ ስትገዛ ቆይታለች።

መጀመሪያ የጎደለው ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ለረጅም ጊዜ ብቻውን ሠርቷል። የውጭ ኩባንያዎቹ ሄኒከን እ.ኤ.አ. በ2011 የበደሌንና የሐረርን፣ ዲያጆ በ2012 የሜታን ቢራ ፋብሪካዎች ሲገዙ የብቅል ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ ርቆ ሄደ። በ2021 ብቅል አምራቾቹ ሱፍሌ አዲስ አበባ፣ ቡርትማልት ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ ሲጀምሩ ደግሞ ጥያቄው ከፋብሪካ ወደ እህሉ ዞረ።

ገብስ ሁሉ ብቅል አይሆንም። ብቅል ፋብሪካ የሚፈልገው አንድ ዓይነት ዝርያ፣ እኩል የሞላ ፍሬ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚበቅል ዘርና ከ9 እስከ 12 በመቶ የሚደርስ ፕሮቲን ነው። ዩሪያ ከበዛ ፕሮቲኑ ከልክ ያልፋል። የደጋው ገበሬ ግን ገብስ የሚዘራው በመጀመሪያ ለእንጀራ፣ ለበሶ፣ ለቆሎና ለጠላ ነው። የብቅል ዝርያ ሲዘራ ለጓዳው የሚሆነው ማሳ ይቀንሳል፤ ፋብሪካው በር ላይ ጥራቱን ካልተቀበለው ኪሳራው የራሱ ነው። ውል ቢኖርም፣ እህሉን የሚሰበስበው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ክፍያ ሲዘገይ ነጋዴ ጥሬ ብር ይዞ ከአውድማው ይደርሳል። እህሉም ወደዚያው ይሄዳል።

ችግሩ በውርጭና በተዳፋት ማሳ መሸርሸር ይብሳል። ገብስ በገብስ ላይ መደጋገም አፈሩን ያደክማል፤ ባቄላን ማፈራረቅ ያግዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ሲደርስ ደግሞ የቅርብ አቅርቦትም በአንድ መንገድ ላይ ከተንጠለጠለ በቀላሉ እንደሚቆረጥ ታይቷል።

የዘር ድህነት ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ በተሰበሰበ ገብስ ውስጥ የተገኘ፣ ቅጠል ላይ እንደ ዱቄት የሚታየውን የሻጋታ በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ ዛሬ በብዙ የአውሮፓ የብቅል ገብስ ዝርያዎች ውስጥ አለ። አውሮፓ ያንን ሀብት ወደ ገበያ ያደረሰችው ምርምሩን፣ ዘር ብዜቱንና ውሉን አያይዛ ነው።

ለጎንደር ብቅል ፋብሪካ የዳባት ቅርበት ከባሕር ማዶ ብቅል ጋር የሚወዳደርበት ትልቁ ጉልበቱ ነው። ቅርበቱ የሚጠቅመው ግን ዋጋው ከዘር በፊት ከታወቀ፣ ጥራቱ ገበሬው ፊት ከተለካና ክፍያው በርክክቡ ዕለት ከተፈጸመ ነው። እስካሁን የውርጩን፣ የዋጋውንና የጥራቱን አደጋ በአብዛኛው የተሸከመው ገበሬው ነው። አደጋውን ፋብሪካውና ዩኒየኑ እስካልተጋሩት ድረስ ገበሬው ከውሉ ይልቅ ጓዳውን ቢያስቀድም የሚወቀስበት ምክንያት የለም።